የቡችላ ወስፋትና የሕፃናት ዓይን

በውሻና በድመት አንጀት የሚኖር ቶክሶካራ የተባለ ክብ ትል፣ ማለትም የእንስሳቱ ወስፋት፣ አለ፤ ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጡት እንቁላሎቹ አፈር ውስጥ ሳምንታት ቆይተው በሽታ ለማስተላለፍ ይደርሳሉ፤ ለዓመታትም ሳይሞቱ ሊቆዩ ይችላሉ። አፈር ነክቶ እጁን ወደ አፉ የሚወስድ ሕፃን እንቁላሉን ከዋጠ፣ የሚፈለፈለው እጭ በሰው አንጀት ማደግ ስለማይችል በጉበት፣ በሳንባ፣ አንዳንዴም በዓይን ውስጥ እየተንከራተተ፣ የአንድ ዓይን ብርሃን እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላል። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የሚታደለው የትል መድኃኒት የሰውን ትሎች ለመቆጣጠር የታቀደ እንጂ የዚህን ጥገኛ ምንጭ የሚነካ አይደለም። ዋናው ምንጭ ገና በእናቱ ማህፀን ሳለ የሚያዘው ቡችላ በመሆኑ፣ ከተወለደ ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ የትል መድኃኒት በተደጋጋሚ ሊሰጠው፣ ዓይነ ምድሩም እንቁላሉ ሳይጎለምስ በየዕለቱ ሊነሣ ይገባል፤ ይህንንም የጤናና የእንስሳት ሕክምና ተቋማት በጋራ ሊይዙት ይገባል።