ጥቅምት ላይ ጋራ ለምትወጡ

የድሬ ልጆች፣ ሙቀቱስ እንዴት ይዟችኋል? ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ብርድ ነው። አትሳቁ!

ሰሞኑን አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ስሜ ይቆይ» ይላል ጸሐፊው፤ ዕድሜው 22 ነው። ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ ጥቅምት ላይ፣ ከሁለት ጓደኞቹና ከፍቅረኛው ጋር ወደ ጭሮ ሄዶ ቁኒ ሙክታር ተራራ ላይ የደጋ አጋዘን ሊያድን አስቧል። የአጎቱ ጠመንጃ አለ። «ከጠመንጃው ሌላ ምን ምን መያዝ አለብን?» ነው ጥያቄው።

ወንድሜ፣ ከጠመንጃው ልጀምር። እሱን ለአጎትህ መልስ። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም አገር የሌለ እንስሳ ነው፤ ሳይንስ ራሱ የመዘገበው በፈረንጆች 1910 ነው። ቁኒ ሙክታር ደግሞ ለእሱ ሲባል የተከለለ መጠለያ ነው። አደን በሚፈቀድባቸው ሌሎች ቦታዎችም ቢሆን ያለ ፈቃድ መተኮስ ወንጀል ነው፤ ፈረንጆቹ እንኳ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከፍለው፣ ፈቃድ ይዘው ነው የሚያድኑት። ፍቅረኛህን እስር ቤት ስንቅ አመላላሽ ልታደርጋት ካልፈለግክ ማየት ይበቃሃል። ማየት ደግሞ ቀላል እንዳይመስልህ። ዕቃው ያው የአዳኝ ዕቃ ነው፣ ጠመንጃው ሲቀር።

ይህን የምለው ቀምሼው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አምስት ሆነን ከጭሮ በላይ ወዳለ ጋራ ወጣን። ካናቴራ፣ ጂንስ፣ ለአምስት ሰው ሁለት ሃይላንድ ውሃ። አንዱ ጓደኛችን ነጠላ ጫማ አድርጎ ነበር! የድሬ ልጅ ብርድን የሚያውቃት ፍሪጅ ሲከፍት ነው። ድሬ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ጋራው ከ2,000 ይዘላል። በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሌሊቱን ስትጨምሩበት አስቡት።

ነጠላ ጫማ ያደረገው ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። መሸ። ስልኮቻችን ዘጉ። ልጁ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ በኋላ መንቀጥቀጡን ተወና ምላሱ እየተሳሰረ ይዘባርቅ ጀመር። እኛ ተሻለው ብለን ደስ አለን። ለካ የሚያስፈራው እሱ ነው! ያዳነን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው። ጋቢውን አውልቆ ጠቀለለው፣ በእጅ ባትሪው እየመራ ቤቱ አስገባን፣ እሳት አነደደ። ትኩስ ነገር ቀምሰን ስናበቃ «ልጆቼ፣ ስትወጡ ለማን ነግራችሁ ነው?» አሉን። ለማንም አልነገርንም ነበር።

ስለዚህ «ስሜ ይቆይ»፣ መጀመሪያ የምትሄድበትን ቦታና የምትመለስበትን ሰዓት ጽፈህ ለእናትህ ስጥ። ቀጥሎ የአካባቢውን ሰው መሪ አድርገህ ያዝ። አጋዘኑ የት እንደሚውል የሚያውቀው እሱ ነው።

ጫማ ለዚያ ቀን ብለህ አዲስ አትግዛ፤ ተረከዝህን ይልጠዋል። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ቀድመህ ሳምንት ሁለት ሳምንት የሄድክበት ይሁን። ጂንስ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፣ ብርዱን ይዞ ይቀራል። ከሰልባጅ ተራ የሱፍ ሹራብ ፈልግ፤ ጋቢም ጨምር፤ ለዝናቡ አንድ ላስቲክ። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ያዙ። ለስንቅ በሶና ቴምር ይበቃል፤ ቴምሩን ከቀፊራ ግዙ። የእጅ ባትሪ የግድ ነው፤ የስልክ መብራት አትመኑ።

ታይዋን ጎራ ካልክ የርቀት ማያ መነጽር ጠይቅ። ቢወደድብህ ለአራት አዋጡ። ያለሱ የምታየው ቅጠል ብቻ ነው።

ሽቶ? አቦ ተው! አጋዘን ገና ሳታየው ያሸትሃል። ነፋሱ ከእሱ ወደ አንተ በሚነፍስበት በኩል ቅረብ። ነጭና ደማቅ ልብስ ቤት ይቅር። ሲጋራም እንደዚሁ።

ከደብዳቤህ ያጣሁት ግን አንድ ነገር አለ። ልጅቷ ራሷ ጋራ መውጣት ትፈልጋለች? ጠይቀሃታል? መልሷን ጻፍልኝ።