ለስም የጠበበ ሳጥን

ዛሬ የማነሣው የአንዲት ፊደል ጉዳይ ነው። ለብዙዎቻችሁ ኢምንት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአንዲት ፊደል ሰበብ አንድ አዛውንት ከወዳጆቻቸው መዝገብ የተባረሩ መስሏቸው አዝነው ካደሩ፣ «ኢምንት» የሚለው ቃል ራሱ መመርመር ይኖርበታል።

የምኖረው ከሚሴ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ። አሮጌ ካሴት ማሰባሰብ እወዳለሁ። እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ከሰንበቴ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከባቲ እስከ ደሴ አሉ። ማን የትኛው ካሴት እንዳለው፣ የተበጠሰ ክር ማን እንደሚቀጥል፣ ቴፕ የሚጠግን ሰው የት እንደሚገኝ ስንጠያየቅ የኖርነው በቃል ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙን የወረሰው ከዚሁ ዞን ከተማ፣ ከባቲ ነው። ቅኝት ያወረሰ አገር ዜማውን ማን እንዳስቀመጠለት የሚጠይቅበት አንድ ማውጫ አጣ ብዬ ተቆጨሁ። ኮድ መጻፍ ከጀመርሁ ገና ጥቂት ወራት ቢሆነኝም፣ ማውጫውን በድረ ገጽ ለመሥራት ተነሣሁ።

በሠራሁ በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። የሐርቡ ሰው ናቸው፤ ከሁላችንም በፊት ካሴት ማሰባሰብ የጀመሩ።

«ልጄ፣ እኔንስ ምን አጥፍቼ አስወጣኸኝ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን ማን ያስወጣል?»

«ወዳጄ ፈልጎኝ ነበር። ‹የለም› አለው።»

ስማቸው ነበር። ነገር ግን እርሳቸው ያስመዘገቡት በሐመሩ «ሐ» ነው፤ ወዳጃቸው የፈለጋቸው በሃሌታው «ሀ» ነው። ለጆሮ አንድ የሆኑት ለኮምፒዩተሩ ሁለት ናቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ ለሀ 1200፣ ለሐ 1210፣ ለኀ 1280። ማሽኑ የሚያመሳክረው ድምፅን ሳይሆን ቁጥርን ነው። 1200 ስትጠይቀው 1210ን አያመጣልህም። ጥፋቱ ግን የማሽኑ አልነበረም፤ የእኔ ነበር።

ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አንድ ባለሙያ ምክር ጠየቅሁ። መልሱ አጭር ነበር፤ «ሞክሼ ፊደላትን አጥፋቸው። ሁሉንም በአንድ ሀ ለውጠህ መዝግብ፤ ሰዉም ይለምደዋል።»

የምሟገተው ይህን ነው። «ሰዉ ይለምደዋል» የሚለው ቃል ስንፍና የዕውቀት ካባ ደርቦ ሲመጣ ነው። ለመሆኑ ማን ለማን ነው የሚለምደው? ሰው ለሣጥኑ ወይስ ሣጥኑ ለሰው?

የሞክሼ ፊደላት ክርክር አሮጌ ነው፤ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ መሆኑንም አልክድም። የፊደል ገበታው ይቀነስ አይቀነስ የሚለውን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። ስም ግን የገበታ ጉዳይ አይደለም፤ ባለቤት አለው። የእኛ አገር ልጅ ከአማርኛው ፊደል ጋር የዐረብኛውንም ቆጥሮ ያድጋልና፣ ሐሰንን በሐመሩ «ሐ» የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ያ ሐ ከዐረብኛው ሓ ጋር ይዛመዳል። ዓይኑ «ዐ»ም እንዲሁ። ባለሙያው «ትርፍ» ያለው ፊደል ለባለስሙ የእናት አባቱ አደራ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እኛ ደግሞ ሰውዬው በሕይወት ሳለ እንፍቀው?

መፍትሔው እንደ እኔ ላለ ጀማሪ እንኳ የአንድ ምሽት ሥራ ነበር። ስሙ በሁለት ዓምድ ይቀመጣል። አንዱ ባለቤቱ እንደጻፈው ነው፤ የሚታየውም እርሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ስውር ነው፤ በእርሱ ውስጥ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ። ፈላጊው የሚጽፈውም በዚያው ሕግ አልፎ ከስውሩ ጋር ይመሳከራል። ጥላሁን ገሠሠ በሁ፣ በሑና በኁ፣ በሠና በሰ ቢቀያየር በስሌት 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል፤ በአሥራ ሁለቱም ይገኛል፤ ገጹ ላይ ግን ንጉሡ «ሠ» በክብሩ እንደተቀመጠ ነው። መሐሙድ፣ ማህሙድ፣ ሙሐሙድ ለሚባለው ስም ይህ አይበቃም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ሌሎች አጻጻፎችን ራሱ የሚጨምርበት ቦታ አበጀሁ። በቁቤ መጻፍ የሚሻም በዚያ ይጽፋል። አፋን ኦሮሞ የሥራ ቋንቋ በሆነበት ዞን የአንድ ሰው ስም በሁለት ፊደል መጻፉ የዕለት ኑሮ ነው።

ከባዕድ የተቀዳው ቅጽ ሌሎች ሁለት ሣጥኖችም ነበሩት። አንዱ «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም እንጂ። ጥላሁንን «ገሠሠ» ብሎ መመዝገብ ልጁን ትቶ አባቱን ማስዘፈን ነው። ሰረዝሁት።

ሌላውን የጨመረልኝ አንድ አሳቢ ነው፤ «ብሔር»። ከቀበሌ መታወቂያ የለመድነው ሣጥን ነው። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ የሆነውን፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ የነበረውን ጭንቅ የሚያስታውስ ሰው፣ የሰዎች ስም ከብሔራቸውና ከሰፈራቸው ጋር ተዘርዝሮ በአደባባይ ሲሰቀል ምን ሊያስከትል እንደሚችል ነጋሪ አያሻውም። የባቲን ቅኝት ለሚሰማ ጆሮ ብሔር ምን ይፈይዳል? ሰረዝሁት። ስልክና ሰፈርንም ከገጹ አወጣሁ፤ መልእክት በእኔ በኩል ያልፋል፤ ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ይገናኛሉ።

እንግዲህ ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያዎቻችንን የምለው ይህ ነው፤ የመጀመሪያውን ሣጥን ከመሥራታችሁ በፊት በውስጡ የሚገባውን ሰው አስቡት። ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ ጠይቁት። ምን እንዳይጻፍበት እንደሚፈልግም ጠይቁት። ሣጥኑ ከጠበበ የሚሰፋው ሣጥኑ ነው፤ ሰውን ቆርጦ ማስገባት ጥበብ አይባልም።

ለሐርቡው ጋሼ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አሁን በየትኛውም ሀ ይገኛሉ» አልኋቸው።

«የምጽፈው ግን በራሴው ነው?»

«በራስዎ ነው።»

«እንግዲያስ ካሴቶቼንም ጻፍልኝ» አሉና አንድ በአንድ ይቆጥሩልኝ ጀመር።

ቸር ይግጠመን።