ሞተሩ በረታ፥ መንገዱ ጠበበ

በአገራችን መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባዋል። የእንግዳው ስምና የመጣበት ጉዳይ የሚጠየቀው እግሩን ታጥቦ እህል ከቀመሰ በኋላ ነው። ይህ ልማድ ለመንገደኛው ከስንቁም ከበቅሎውም የሚበልጥ ሀብት ነበር። ስንቅ ያልቃል፤ በቅሎም ትደክማለች፤ የሚያሳድር ሰው ባለበት አገር ግን መንገድ ምን ቢረዝም አያስፈራም።

ዛሬ ይህን ነገር እንድናነሣ ያደረገን በሞተር ብስክሌት የሚደረገው የሩቅ አገር ጉዞ ነው። ድንኳኑን፥ የመኝታ ከረጢቱን፥ ትንሽ የጋዝ ምድጃውንና መፍቻዎቹን በሞተሩ ጀርባ ጭኖ፥ ቀን እየነዳ ሌሊት ከመንገድ ዳር እያደረ፥ ከአንዱ ክፍለ ዓለም ወደ ሌላው የሚሻገር መንገደኛ በዘመናችን ብርቅ አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ጉዞ ገንዘብና ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች ጨዋታ አድርጎ ይመለከተዋል። በእኛ አስተያየት ግን ነገሩ ከጨዋታ ያለፈ ቁም ነገር አለበት። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው አገሩን ከደመና በላይ ሆኖ ያልፈዋል፤ በመኪና የሚሄደውም መስተዋቱን ዘግቶ ይነዳል። በሞተር ብስክሌት የሚጓዘውን ግን ፀሐዩም ዝናቡም አቧራውም አይምረውም፤ ቤንዚን ቢያልቅበት የሚረዳው፥ ሲመሽበትም የሚያሳድረው የአገሩ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ጋሻ የሌለው መንገደኛ በደኅና የሚያልፍበት አገር ሰላምና ሕግ ያለበት አገር ነው፤ ፊቱን አዙሮ የሚመለስበት መንገድ ደግሞ አንድ ነገር እንደ ተበላሸ ይመሰክራል። ስለዚህ ከሰሜን ወደ ደቡብ አፍሪካን የሚያቋርጠውን ጉዞ በዚህ መስፈርት ለመመርመር እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስት ጉዞዎች

በዲሴምበር 1934 ቴሬዛ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን የተባሉ ሁለት ሴቶች ከሎንዶን ተነሥተው ወደ ኬፕ ታውን ጉዞ ጀመሩ። የያዙት 600 ሲ.ሲ. ጉልበት ያለው ፓንተር የተባለ ሞተር ብስክሌት ሲሆን፥ በጎኑ ተጨማሪ መቀመጫ፥ በኋላውም ተሳቢ ነበረው። ዋላክ የምሕንድስና ትምህርት የተማረች ነበረች። ሁለቱ ሴቶች የሰሐራን በረሃ ከአልጄሪያ ተነሥተው ተሻገሩ፤ በአጋዴዝ በኩል ወደ ናይጄሪያ ወረዱ፤ ከዚያም መካከለኛውንና ምሥራቁን አፍሪካ አቋርጠው በጁላይ 1935 ኬፕ ታውን ገቡ። ኢጣልያ አገራችንን ልትወር ጥቂት ወራት ሲቀራት መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ጉዞ ቴድ ሳይመን የተባለው ጋዜጠኛ በ1973 የጀመረው ነው። ከሎንዶን የተነሣው በግብፅና በሶርያ በኩል ከእስራኤል ጋር ጦርነት በተከፈተበት በኦክቶበር 6 ቀን ነበር። እንዲህም ሆኖ በ500 ሲ.ሲ. ትራየምፍ ሞተሩ በሊቢያና በግብፅ አልፎ ሱዳን ገባ፤ ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ፥ ከኢትዮጵያም ወደ ኬንያ ወረደ። ጉዞው አራት ዓመት የፈጀ ሲሆን ወደ 100,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቷል። ብራዚል በደረሰ ጊዜ ተጠርጥሮ መታሰሩን ራሱ በመጽሐፉ ተርኮታል። ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፥ በ2001፥ ያንኑ መንገድ እንደገና ለመጓዝ ተነሥቷል።

ሦስተኛው በ2007 የተደረገው ነው። ኢዋን ማክግሬጎርና ቻርሊ ቦርማን የተባሉ ተዋንያን ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ተነሥተው በሊቢያ፥ በግብፅ፥ በሱዳን፥ በኢትዮጵያና በኬንያ አልፈው በሦስት ወር ገደማ ኬፕ ታውን ደርሰዋል። የእነዚህ ጉዞ በቴሌቪዥን የታየ ስለ ሆነ አያሌ ወጣቶችን ለመንገድ አነሣሥቷል። ሆኖም አጃቢ መኪናዎችና ፊልም አንሺዎች ይከተሏቸው እንደ ነበር ማስታወስ ተገቢ ነው።

ሞተሩ

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የሞተር ብስክሌት ብርታት ማደጉ የሚያከራክር አይደለም። በቀድሞው ሞተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉት በካርቡራተር ነበር። ወደ ደጋ ሲወጡ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበትና ሞተሩ ይታፈናል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። ከዓባይ በረሃ ሥር ተነሥቶ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት የወጣ ነጂ ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል። በዛሬው ሞተር ግን የአየሩን ሁኔታ እየለካ የቤንዚኑን ልክ የሚወስን መሣሪያ ስላለ ነጂው ዳገቱን ብቻ እንጂ ሞተሩን አያስብም። በ2007 የተነዱት ሞተር ብስክሌቶች ሰልባትዮ 33 ሊትር ይይዛል፤ ይህም 500 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ማደያ ያስኬዳል። በ2019 ደግሞ እነዚያው ሁለት ሰዎች በኤሌክትሪክ በሚሠራ ሞተር ብስክሌት ከአርጀንቲና ደቡባዊ ጫፍ ተነሥተው ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄደዋል።

እንግዲህ ጉዞን የሚወስነው ሞተር ቢሆን ኖሮ፥ በ1934 በአንድ ፓንተር የታለፈው መንገድ ዛሬ እንደ ልብ የሚታለፍ በሆነ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

አስፋልትና ሰላም

መቀመጫው በአዲስ አበባ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ከሚያስባቸው የአህጉሩ አውራ ጎዳናዎች አንዱ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የሚዘረጋው ነው። ርዝመቱ ከ10,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ዋና ከተማችንንም ያቋርጣል። በዚህ መስመር ላይ መንገደኛን ሲያስቸግሩ የኖሩ ሁለት ሥፍራዎች ነበሩ። አንደኛው በግብፅና በሱዳን መካከል ያለው ወሰን ነው። በየብስ የሚያሻግር በር ስላልነበረ፥ መንገደኛው ከአስዋን እስከ ዋዲ ሐልፋ በሳምንት አንድ ጊዜ የምትመላለሰውን መርከብ መጠበቅ ነበረበት። ሁለተኛው ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው የሰሜን ኬንያ መንገድ ነው። ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ይህ መንገድ ጎማ የሚበጣጥስ ድንጋይ የሞላበት ከመሆኑም በላይ ሽፍታ ስለሚያሠጋው መኪናዎች በጠባቂ ታጅበው የሚሄዱበት ጊዜ ነበር።

በ2014 በግብፅና በሱዳን መካከል የየብስ በር ተከፈተ። የሰሜን ኬንያውም መንገድ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ አስፋልት ለብሶ አለቀ። የድሮ መንገደኞች የሚያማርሩባቸው ሁለቱ ችግሮች በዚህ አኳኋን ተወገዱ። ይሁን እንጂ በኤፕሪል 2023 በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ በካርቱም የሚያልፈውም መስመር ለእንግዳ ተዘጋ። በአገራችንም ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን የተደረገው ጦርነት፥ ከ2023 ወዲህም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ከመተማ በጎንደር ወደ ዓባይ የሚወርደውን መንገድ አሥጊ አድርጎታል። ሁለቱ ሴቶች የሄዱበት የአጋዴዝ በረሃም ቢሆን በታጣቂዎች ምክንያት ሲያሠጋ ቆይቶ፥ በጁላይ 2023 በኒጀር የተደረገው የመንግሥት ግልበጣ ነገሩን አባብሶታል። ስለዚህ ዛሬ ከአውሮጳ ተነሥቶ ወደ ኬፕ ታውን የሚሄድ ሞተረኛ ብዙውን ጊዜ በሞሮኮና በሞሪታንያ በኩል የምዕራቡን ጠረፍ ይዞ ይወርዳል፤ ምሥራቁን ማየት የፈለገም ሞተሩን በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ያስጭናል።

በአሜሪካ ክፍለ ዓለም በፓናማና በኮሎምቢያ መካከል ዳሪየን የተባለ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ጫካና ረግረግ አውራ ጎዳናውን ቆርጦታል። እዚያ መንገድ የከለከለው ተፈጥሮ ነው። በእኛ አህጉር ግን አስፋልቱ ተነጥፎ፥ ድልድዩ ተሠርቶ፥ መንገዱን የሚቆርጠው የሰው ልጅ ራሱ ነው። በዚህም ጊዜ እንግዳው ሌላ መንገድ መርጦ ይሄዳል፤ አውቶቡስ የሚጠብቀው ተማሪ፥ እህል የጫነው ነጋዴ፥ ወደ ሐኪም የሚወሰደው በሽተኛ ግን ሌላ መንገድ የለውም። የሞተረኛው መጥፋት የእነርሱን ችግር የሚያሳይ ምልክት ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «እንግዲያስ የ1934ቱ ዘመን ይሻል ነበር ማለት ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አይደለም። ሁለቱ ሴቶች ሊያልፉ የቻሉት፥ ያለፉበት ምድር ለባለቤቱ ስላልተተወ ነው። በዚያው ዘመን በኬንያ አፍሪካዊው ሠራተኛ በገዛ አገሩ ለመንቀሳቀስ ኪፓንዴ የተባለውን የመታወቂያ ወረቀት እንዲይዝ ይገደድ ነበር። ለእንግዳ ክፍት፥ ለባለ አገር ዝግ የሆነ መንገድ ነጻ መንገድ አይባልም። ያሁኑ ወሰኖች የነጻ መንግሥታት ወሰኖች ናቸው፤ የሚፈለገውም ወሰኑን መሻር ሳይሆን በሩን በሥርዓት መጠበቅ ነው።

የማኅተሙ ነገር

በኬላ ላይ የሚሠራ ወጣት ሹም በዚህ ጉዳይ ያለው ድርሻ ቀላል አይደለም። አንድ ምሳሌ እንስጥ። በሞተሩ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወር ሰው በየኬላው ቀረጥ ይክፈል ቢባል ጉዞው አይቻልም፤ ያለ ቀረጥ ይግባ ቢባል ደግሞ ሞተሩን ሸጦ መንግሥትን ሊያከስር ይችላል። ለዚህ መላ የተገኘለት ካርኔ በተባለው የጉምሩክ ማለፊያ ደብተር ሲሆን፥ ሕጉም በ1954 በኒው ዮርክ በተፈረመው የጉምሩክ ስምምነት ተደንግጓል። ደብተሩን የሚሰጡት የአውቶሞቢል ማኅበሮች ናቸው፤ መንገደኛውም መያዣ ያስይዛል። መያዣው እንደ አገሩ ሁኔታ ከሞተሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የደብተሩ እያንዳንዱ ቅጠል ሦስት ክፍል አለው፤ አንዱ ሲገባ፥ አንዱ ሲወጣ በጉምሩክ ይቀራል፤ ሦስተኛው ጉርድ በሁለቱም ጊዜ ታትሞ ከደብተሩ ጋር ይኖራል።

እንግዲህ አንድ ጸሐፊ ወደ ምሳ ቸኩሎ የመውጫውን ማኅተም ሳይመታ ቢቀር፥ ሞተሩ ከአገር መውጣቱ ማስረጃ ያጣል። መንገደኛው ቤቱ ከገባ ከወራት በኋላ ቀረጡን ክፈል ይባላል፤ መያዣውም ይታገዳል። የአንድ ደቂቃ ቸልታ የአንድን ሰው የዓመታት ቁጠባ ታጠፋለች፤ ያም ሰው ያን አገር የሚያስበው በተራሮቹ ውበት ሳይሆን በዚያች ባልተመታች ማኅተም ነው። በአንጻሩ ደግሞ ሥራ የተቃናበት ምሳሌ አለን። በዲሴምበር 2020 በሞያሌ የተመረቀው የኢትዮጵያና የኬንያ የጋራ ኬላ፥ መንገደኛው በሁለት አገር በር ሁለት ጊዜ ከመቆም ይልቅ የሁለቱንም መንግሥት ጉዳይ በአንድ ሥፍራ እንዲፈጽም ታስቦ የተሠራ ነው። ሕንፃውን ሕንፃ የሚያሰኘው ግን በውስጡ የተቀመጠው ሹም ትጋት ነው።

ድንኳንና ጎረቤት

ከኬላው ያለፈ መንገደኛ ሲመሽበት ድንኳኑን ይተክላል። ድንኳን በር እንጂ ቁልፍ የለውም፤ ቁልፉ የሠፈሩ ሰላም ነው። በዚህ ረገድ ኖርዌይ በ1957 ያወጣችው ሕግ የሚጠቀስ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ማንም ሰው ባልታረሰ መሬት ላይ ድንኳን መትከል ይችላል፤ ነገር ግን ሰው ከሚኖርበት ቤት 150 ሜትር መራቅ አለበት፤ ያለ ፈቃድም በአንድ ሥፍራ ከሁለት ሌሊት በላይ መቆየት አይገባውም። መብትና ግዴታ እንዲህ ባለ አኳኋን በአንድነት ተጽፈዋል።

በእኛ አህጉር ይህ ሕግ በልማድ እንጂ በወረቀት ብዙም አይገኝም። አስተዋይ መንገደኛ ጀምበር ሳታዘቀዝቅ የመንደሩን ሽማግሌ ወይም የአካባቢውን ሹም ጠይቆ፥ ከታረሰው ማሳና ከውኃው ምንጭ ርቆ ይሰፍራል፤ ሲነጋም እሳቱን አጥፍቶ፥ ቆሻሻውን ሰብስቦ፥ አመስግኖ ይሄዳል። ሳይጠይቅ የሰው ግጦሽ ላይ የሰፈረ፥ የሰውን ፊት ያለ ፈቃድ ፎቶግራፍ ያነሣ እንግዳ ግን ለኋለኛው መንገደኛ በር ይዘጋል። እንግድነትም እንደ አስተናጋጅነት ሁሉ ሥርዓት አለው።

የእኛ ተራ

ለመደምደሚያ የምናነሣው ተማሪዎቻችንን የሚመለከት ነው። እስካሁን የጠቀስናቸው ሰዎች ሁሉ ከአውሮጳ የመጡ ናቸው። በ2022 ግን ኩንሌ አዴያንጁ የተባለ ናይጄሪያዊ ለፖሊዮ በሽታ ማጥፊያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ከሎንዶን በሞተር ብስክሌት ተነሥቶ ከ40 ቀን በላይ ተጉዞ ሌጎስ ገብቷል። አፍሪካዊም በገዛ አህጉሩ መንገደኛ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል።

ሆኖም የአዲስ አበባ ወይም የናይሮቢ ተማሪ ተነሥቶ እስከ ኬፕ ታውን ልንዳ ቢል፥ ከሞተሩ ዋጋ ይልቅ የቪዛው ብዛት ያስጨንቀዋል። ኢትዮጵያዊና ኬንያዊ አንዱ ወደ ሌላው አገር ያለ ቪዛ መግባታቸው መልካም ጅማሬ ነው። የአፍሪካ ኅብረት በጃንዋሪ 2018 አዲስ አበባ ላይ የሰዎችን ነጻ መዘዋወር የሚፈቅድ ስምምነት አጽድቋል፤ ነገር ግን እንዲሠራበት የሚያስፈልገው የ15 አገሮች ማጽደቂያ ገና አልተሟላም። ስምምነቱ አዲስ አበባ ላይ መጻፉ ለእኛ ክብር ነው፤ በየኬላው ሥራ ላይ ሲውል ግን ክብሩ ጥቅም ይሆናል።

ነገ በጉምሩክ፥ በኢሚግሬሽን፥ በፖሊስና በመንገድ ሥራ የምትመደቡ ወጣቶች፥ መንገድ የሚከፈተው በዶማና በሬንጅ ብቻ አለመሆኑን ልብ በሉ። በጊዜዋ የተመታች ማኅተም፥ ያለ ጉቦ የተሰጠ ፈቃድ፥ ክርክር በጠመንጃ ሳይሆን በሸንጎ የሚፈታበት ወረዳ መንገድ ይከፍታሉ። አባቶቻችን ለመሸበት መንገደኛ «ቤት ለእንግዳ» ሲሉ መንገዱን ያለ አስፋልት አሳጥረውት ነበር። እኛ አስፋልቱን አግኝተናል፤ የጎደለው የእነርሱ ቃል በየኬላውና በየመንገዱ እንደገና መሰማቱ ነው።