ስለ ሕፃናት ጠባቂዎች ትምህርት

ሕፃንን መጠበቅ በርኅራኄ ብቻ የሚፈጸም ሥራ አይደለም፤ ዕውቀትም ያሻዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃኑ ደኅንነት እንዲቀድም፣ ለወላጅ አልባዎችም ልዩ ጥበቃ እንዲደረግ አዝዟል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1070 ለውጭ አገር ሰው ልጅን በጉዲፈቻ መስጠት ስለ ቀረ፣ ወላጅ ያጣውን ሕፃን ማሳደግ በዘመድና በአገር ሰው ትከሻ ላይ ወደቀ። እንግዲህ ሕፃኑን የሚረከበውን ቤት መርምሮ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በተበላ የተሾመ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ ለሥራ ፍለጋ ከቤቱ የወጣን ልጅ ወደ ወላጆቹ ሊመልስ ይችላል። ነገር ግን ስለ ምን እንደ ወጣ ሳይመረምር ቢመልሰው፣ ችግሩ በስፍራው አለና ልጁ ዳግመኛ ይሄዳል። ሳያስፈራሩ መጠየቅ፣ ምስጢርንም መጠበቅ በሦስት ቀን ስብሰባ ተጠንቶ አያበቃም። ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ፣ በሙያው የበሰለ አለቃ የያዘውን ጉዳይ በየጊዜው እየተመለከተ ሊያርመው ይገባል።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ለዚህ ትምህርት ጊዜና ገንዘብ ሊለዩ፣ የየቤቱን ችግር ቀድመው የሚያዩት ካህናትም ከሠራተኛው ጋራ ሊመካከሩ የተገባ ነው።