ክሬዲታችን ድንበር ላይ አይቅር

ወገኖቼ፣ በካምፕም በገዳሪፍ ከተማም ያላችሁ፣ ባሕር ማዶ ያላችሁ ዘመዶቻችንም፣ ዛሬ ስለ ራሽን ወይም ስለ ሪሴትልመንት አልጽፍም፤ የምጽፈው ስለ ክሬዲት ነው። ቅንጦት የሚመስለው ካለ እስከ መጨረሻው ያንብበኝ።

በገላባት በኩል የወጣ ሰው ምን ይዞ እንደወጣ ሁላችንም እናውቃለን። በመካከላችን ግን ሁለትና ሦስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምረው ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ብዙ ልጆች አሉ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ስለሆንኩ ብዙዎቹ ወደ እኔ ይመጣሉ። አንዱ አምስት ሴሚስተር ጨርሶ ነው የተሰደደው። ልቀጥል ብሎ ሲጠይቅ «ታሽጎ ከዩኒቨርሲቲህ የተላከ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አምጣ፤ ካልሆነ ከአንደኛ ዓመት ጀምር» ተባለ። ሁለት ዓመት ተኩል የተማረው እንዳልተማረ ተቆጠረ ማለት ነው።

የእኔ አቋም አጭር ነው። ተማሪው ያለፈው ኮርስ የተማሪው ሀብት ነው። ወረቀቱ መዝገብ ቤት ቢቀርም ዕውቀቱ አብሮት ተሰድዷል።

ነገሩ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። አገራችን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን ፕሮግራምን መልሳ ስትጀምር ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የቀንድ ጂኦግራፊ፣ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ አንትሮፖሎጂና የመሳሰሉት የጋራ ኮርሶች ሆነዋል። ጎንደር የተማረውም ጅማ የተማረውም ያነበበው ተመሳሳይ ሞጁል ነው። ስለዚህ የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ የእያንዳንዱን ልጅ ኮርስ ከባዶ መመርመር አይኖርበትም። ሞጁሎቹን አንድ ጊዜ ከራሱ ኮርሶች ጋር ቢያመሳክር ለመቶ ልጆችም ይሠራል።

ታዲያ የሚያስቸግረው የቱ ላይ ነው? ወረቀቱን ማውጣቱ ላይ ነው። ትምህርቱን ያቋረጠ ተማሪ ሬጅስትራር ቀርቦ ዊዝድሮዋል መሙላት፣ ክሊራንስ መጨረስ፣ የወጪ መጋራቱን ጉዳይ መጨረስ ይጠበቅበታል። ተኩስ ሸሽቶ የወጣ ልጅ ክሊራንስ ሊጨርስ ነበር? በውክልና ይሁን ከተባለ ደግሞ ውክልና በኤምባሲ በኩል ነው። ከመንግሥት ሸሽቶ የወጣ ስደተኛ ኤምባሲ ሄዶ «ማኅተም ምቱልኝ» እንዲል መጠየቅ፣ ወይ ትምህርቱን ወይ ደኅንነቱን ምረጥ ማለት ነው።

ሕጉ ይህን ቀድሞ አስቦታል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1974 የተቀበለችው የ1951 የስደተኞች ኮንቬንሽን አንቀጽ 25፣ ስደተኛው ወደ አገሩ ባለሥልጣናት መሄድ የማይችል ሲሆን የተጠለለበት አገር ሰነድ እንዲያገኝ እንዲረዳው ያዛል። አንቀጽ 22 ደግሞ የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ ዕውቅናን በስም ይጠቅሳል። በዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ጸድቆ በመጋቢት 2023 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ኮንቬንሽንም ስለ ተቋረጠ ትምህርትና ሰነድ ስለሌላቸው ስደተኞች ይናገራል። የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ነው፤ ለሌሎቹ ግን መንገዱን ያሳያል።

«ሐሰተኛ ማስረጃ በዝቷል፣ እንዴት እንመን?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፣ በዝቷል፤ መምህር ነኝና ይህን አልክድም። መልሱ ግን በሩን መዝጋት አይደለም። ወረቀት ከጠፋ ልጁን ፈትኑት። አገራችን ራሷ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲወስድ አድርጋለች። ለመጨረሻው ዓመት ፈተና ከታመነ፣ ለጄኔራል ሳይኮሎጂ የማይታመንበት ምክንያት የለም። ዛምቢያ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ የዩኔስኮ የትምህርት ማስረጃ ፓስፖርት ለስደተኞች ተሰጥቷል፤ ያለውን ሰነድ መርምሮ፣ ሰውየውን አነጋግሮ። እዚህስ ለምን አይሞከርም?

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲጀመር የሱዳን ተማሪዎች በዚያው በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግረው ኩመርና አውላላ ካምፕ ገቡ። እኛ ወዲህ፣ እነሱ ወዲያ፣ በአንድ ድንበር በአንድ ዓይነት ችግር ተላለፍን። የሁለቱ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ቢነጋገሩ የሚጠቀሙት የሁለቱም ልጆች ናቸው።

አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችን ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙ የአገራችን ልጆች የሚማሩበት ኖቫ ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም ጀምሯል፤ ተማሪው ገና ኮሌጅ ሳለ የትኛው ኮርስ እንደሚሻገርለት ያውቃል። ካሊፎርኒያም ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ሁለቱም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓቶች የሚያሻግር አንድ የጄኔራል ኢዱኬሽን ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራ ላይ አውሏል። በሰላም አገር ያለ ተማሪ እንኳ ክሬዲቱ እንዳይባክን ስምምነት ካስፈለገው፣ ለስደተኛውማ እንዴት አያስፈልገውም!

ይህ እስኪሆን ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ፦

ስቱደንት ኮፒ፣ ግሬድ ሪፖርት፣ መታወቂያ ያላችሁ ዛሬውኑ ፎቶ አንሱና ወደ ራሳችሁ ኢሜይል ላኩ። ስልክ ይጠፋል፣ ካምፕ ይቃጠላል፣ ጎርፍ ይመጣል።

ምንም ወረቀት የሌላችሁ፣ የወሰዳችሁትን ኮርስ፣ ክሬዲቱን፣ ሴሚስተሩን፣ የመምህሩን ስም ሳትረሱት ጻፉ። የኮርሱን ሞጁል ከጓደኛ በቴሌግራም አስልኩና አያይዙ።

አገር ቤት ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ችግር የማያመጣባችሁ ከሆነ ብቻ፣ ቤት የቀረ ወረቀት ካለ ፈልጋችሁ ፎቶውን ላኩልን።

ውጭ የገባችሁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት «የትኛውን ኮርሴን ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ከተመዘገቡ በኋላ መጠየቅ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

በየካምፑ ያላችሁ የስደተኛ ተወካዮች፣ ከዩኤንኤችሲአርና ከኮር ጋር ስትሰበሰቡ ከራሽኑና ከውኃው ቀጥሎ ይህን አንሡ። ስም ዝርዝር ይዛችሁ ግቡ። ስንት ልጅ፣ ከየት ዩኒቨርሲቲ፣ ስንት ሴሚስተር። ያለ ዝርዝር የቀረበ ጥያቄ እሮሮ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ልጆቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የተማራችሁትን ማንም አልቀማችሁም። እስኪመዘገብላችሁ ድረስ ግን ጠይቁ፣ ደጋግማችሁ ጠይቁ። በኮሜንት የተማራችሁበትን ዓመትና የትምህርት ክፍል ጻፉልኝ፤ የምትሰጉ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ዝርዝሩን ከዚሁ እንጀምረው።