ፀሐይቱስ አምራለች፣ ልጄ የታለች?

ዛሬ በራሴ ላይ የደረሰውን ላጫውታችሁ። መሳቅ ይቻላል፤ ምክሩን ግን አደራ!

ጓደኛዬ ለሥራ ወደ አረብ አገር ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ “ለእማዬ ማስታወሻ የሚሆን አንድ ጥሩ ፎቶ አንሺኝ” አለችኝ። ካሜራ ከዘመድ ተዋስኩና ከነቀምቴ ወጣ ብለን በጊምቢ መንገድ በኩል አንዲት ጉብታ ላይ ወጣን። ወሩ ኅዳር ነው፤ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ10 ገደማ። ሰማዩ የበሰለ ማንጎ መስሏል። ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ቆመች። እኔም ካሜራውን “አውቶ” ላይ አድርጌ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ!

እሷ ሄደች። ፎቶውን አሳጥቤ ለእናትየው ወሰድኩላቸው። አገላብጠው አዩትና፣ “ፀሐይቱስ አምራለች፣ ልጄ የታለች?” አሉኝ። እውነትም ልጅቷ ጥቁር ጥላ ብቻ ሆናለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

ከዚያ ወዲህ ካሜራዋን እየተዋስኩ ስንት ምሽት እዚያች ጉብታ ላይ እንደተቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የተማርኩት ይኸውላችሁ።

“አውቶ” ላይ ያለ ካሜራ ፍቅር አያውቅም። ፊት ለፊቱ የሚያንጸባርቅ ሰማይ ሲያይ “ብርሃኑ በዛ” ብሎ ይቀንሳል። ሰማዩ ያምራል፣ ሰው ይጠቁራል። ስለዚህ ከማንሳታችሁ በፊት ወስኑ፤ የምትፈልጉት ፀሐይዋን ነው ወይስ ሰውየውን?

ፀሐይዋን ከሆነ፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ወደ መቀነስ አንድ አውርዱ፤ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንስና ቀለሙ ይደምቃል። “ዋይት ባላንስ” የሚለውን የደመና ምልክት ላይ አድርጉት፤ አለዚያ ካሜራው ያንን ቅላት “ስህተት ነው” ብሎ ሊያጠፋባችሁ ይችላል።

ሰውን ከሆነ ደግሞ ያንኑ ቁልፍ ወደ መደመር አንድ ወይም ሁለት ውጡ፤ ወይም ቀረብ ብላችሁ ፍላሽ አብሩ። በስልክ የምታነሱ ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣት ነካ አድርጉት። ሰማዩ ይነጣል፤ ይንጣ!

ከሁሉ የሚሻለው ግን ብር የማይጠይቅ ዘዴ ነው፦ ሰውየውን አዙሩት! ፊቱን ወደ ምዕራብ ያድርግ፤ ያ ወርቃማ ብርሃን ፊቱ ላይ ይረፍ።

ስለ ሰዓቱም ልንገራችሁ። እኛ ወለጋዎች ዕድለኞች ነን፤ ፀሐይ ነቀምቴ ላይ ከአዲስ አበባ 9 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትጠልቃለች፤ ደምቢ ዶሎ ደግሞ ከእኛም 7 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ሆኖም አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ከጠለቀች በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ድቅድቅ ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። አይኤስኦውን ከ100 ጀምራችሁ፣ እየመሸ ሲሄድ ወደ 400 እና 800 ከፍ አድርጉ። ሻተሩ ከሰከንድ 60ኛ እጅ ከዘገየ ግን እጃችሁ ተንቀጥቅጦ ፎቶው ይደበዝዛል፤ ድንጋይ ላይ ወይም አጥር ላይ አስደግፉት።

በቀደም እናትየውን ለምኜ እዚያችው ጉብታ ላይ አወጣኋቸው። ፊታቸውን ወደ ጀምበሯ አዙሬ አነሳኋቸውና ለልጃቸው ላክሁላት። ሌሊቱን መልስ ጻፈችልኝ፦ “የእማዬ ሽበት ጨምሯል።”

አየቻቸው ማለት ነው። እኔ ደግሞ የልጅቷን ፊት ገና አልከፈልኩም፤ ስትመለስ በዚያችው ጉብታ፣ በዚያው ሰዓት።

እናንተም የሚሄድባችሁ ሰው ካለ ፊቱን አንሱ። ፀሐይዋ ነገም አለች። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!