ወተት ያልተስማማው ሕፃን

ከሐይቅ ከተማ አንዲት አያት የላኩልኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «የልጅ ልጄ 5 ወር ሆኗታል። እናቷ ሥራ ስትመለስ የላም ወተት በጡጦ ጀመርንላት። ከጠጣች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ታስመልሳለች፤ ገላዋም ላይ ሽፍታ ይወጣባታል። ጎረቤቶቼ ‹እንጥሏ ወርዶ ነው፣ አስቆርጧት› ይሉኛል። ምን ይሻላል?»

እትዬ፣ አብሽሩ። ከሁሉ በፊት ግን እንጥሏን ማንም አይንካባት። እንጥል መቁረጥም ሆነ የወተት ጥርስ ማስነቀል ለትውከትና ለተቅማጥ መድኃኒት ሆኖ አያውቅም። ያመጣው ነገር ቢኖር የደም መፍሰስ፣ ቁስል ማመርቀዝ፣ መንጋጋ ቆልፍና ኤች አይ ቪ ነው። በሥራ ዘመኔ ለተቅማጥ ተብለው ከስለት በኋላ የመጡ ሕፃናትን ተቀብያለሁ፤ ተቅማጡ እንዳለ ነበር፤ የተጨመረው ደም መፍሰሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ወተቱ እንምጣ። ሰዎች «ወተት አልተስማማውም» ሲሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ይጠራሉ።

አንደኛው አለርጂ ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል በወተቱ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋዋል። አንዳንዱ ፈጥኖ የሚመጣ ነው፤ ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ሽፍታ፣ የከንፈርና የዓይን ማበጥ፣ ትውከት ይታያል። ሌላው ቀስ ብሎ፣ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ይመጣል፤ ንፍጥና ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ የማይድን ችፌ፣ ክብደት አለመጨመር ምልክቶቹ ናቸው።

ሁለተኛው ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር አለመፈጨት ነው። ይህ አለርጂ አይደለም። ሆድ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ቀጭን ተቅማጥ ይመጣል፤ ሽፍታና እብጠት ግን የለውም። በጨቅላ ሕፃን ላይ ሲወለድ ጀምሮ መኖሩ እጅግ ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ የምናየው ከጠና ተቅማጥ በኋላ አንጀት እስኪያገግም ድረስ ለሳምንታት የሚቆየውን ነው። ትልልቅ ልጆችና አዋቂዎች ዘንድ ግን የተለመደ ነው፤ ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው የሚታወክ፣ እርጎ ግን የሚስማማቸው ሰዎች ምክንያታቸው ይኸው ነው። እርጎ ሲረጋ ስኳሩ ይቀንሳልና።

የእትዬ የልጅ ልጅ ምልክቶች ወደ አለርጂው ያደላሉ። ይህን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው።

የእናት ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃንም አንዳንዴ አለርጂው ይታይበታል፤ እናቱ የበላችው የወተት ፕሮቲን በጡቷ በኩል ስለሚደርሰው ነው። አንዲት እናት ልጇ በሁዳዴ 55 ቀናት ሰገራው ንጹሕ ሆኖ፣ ፋሲካ ውሎ ሲያድር ደም መቀላቀሉን ነግራኝ ታውቃለች። ጾሙ ሳታስበው ምርመራ ሆነላት። በረመዳን ግን ይህ አይታይም፤ በማፍጠሪያ ወተት ይጠጣልና። ሐኪም የሚያደርገውም ያንኑ ነው፤ እናቲቱ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ወተት፣ አይብ፣ እርጎና ቅቤ ትታ ይታያል፤ ከዚያ መልሳ ስትጀምር ምልክቱ መመለሱ ይጣራል። ሳይጣራ ለወራት ምግብ መከልከል እናቲቱን ይጎዳል። በምትተውበት ጊዜም ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ጎመንና ከሐይቃችን የሚወጣው ዓሣ አይጓደልባት።

ጡት ማጥባት ግን አይቋረጥ! በዚህ ጉዳይ ላይ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። የላም ወተት ያልተስማማው ሕፃን የእናቱ ወተት ይስማማዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። የቀሩት ውኃ፣ ወተት ወይም ሌላ ነገር ይቀምሳሉ ማለት ነው። እናቶችን አልወቅስም፤ በሕግ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው፣ ሕፃኑ ደግሞ ጡት ብቻ የሚያስፈልገው 6 ወር ነው። መፍትሔው እናቲቱ ከመውጣቷ በፊት ወተቷን ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ አልባ ማስቀመጥ ነው። ቀዝቀዝ ባለ ክፍል እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። አያት በስኒና በማንኪያ ታጠጣዋለች፤ ጡጦ ለማጽዳት አስቸጋሪ ነው።

ብዙ ጊዜ የምጠየቃቸውንም ልመልስ።

«የፍየል ወተትስ?» ለላም ወተት አለርጂ ካለባቸው 10 ልጆች 9ኙ ያህል የፍየሉም አይስማማቸውም፤ ፕሮቲኑ ተመሳሳይ ነው።

«ብናፈላውስ?» ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ለሁሉም ሰው ግዴታ ነው። አለርጂን ግን አያጠፋም።

«ለዘለዓለም ወተት አይጠጣም?» ይጠጣል። አብዛኞቹ ልጆች ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ይተዋቸዋል። መልሶ መጀመሩ ግን ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ይሁን፤ ቤት ውስጥ «እስቲ ትቅመስ» አይባልም። ለጤነኛ ልጅም ቢሆን የላም ወተት እንደ ዋና መጠጥ ከ1 ዓመት በፊት አይመከርም፤ ደም ማነስ ያመጣል።

እትዬ፣ የላሙን ወተት ዛሬውኑ ያቁሙ። ልጅቷን ይዘው ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ሦስት ነገር ጽፈው ይያዙ፦ ምን እንደጠጣች፣ በስንት ደቂቃ እንደታመመች፣ ምን እንደታየባት። ክብደቷ የተመዘገበበትን ካርድ አይርሱ። ከንፈሯ ወይም ምላሷ ካበጠ፣ ትንፋሿ ሲር ሲር ካለ፣ ወይም ዝልፍልፍ ካለች ግን ወረፋ አይጠብቁ፤ ውኃም አያጠጧት፣ በተገኘው መኪና ሆስፒታል ያድርሷት። እንጥል ቁረጡ ለሚሉት ጎረቤቶችዎም ይህን ገጽ ያንብቡላቸው።